ስሙ ስላልተነበበው ካርታ አዳይ

ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች በአንዲት የገጠር ደብር የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ታድሶ በተመረቀ ጊዜ እኔም በበዓሉ ላይ ነበርሁ። ከቅዳሴ በኋላ ለሥራው ገንዘብ የረዱት ሰዎች ስም በዝርዝር ተነበበ። ሁለት በግ ሽጦ የሰጠው ገበሬ ስሙ ተነበበ፤ ከአዲስ አበባ ምስማር የላከው ነጋዴ ከነአባቱ ስም ተነበበ፤ አምሳ ብር የሰጠችው መበለትም ስሟ ተነበበ፥ እልልም ተባለላት፤ ይህም የተገባ ነበር። የእኅቴ ልጅ ስም ግን አልተነበበም። ከቆርቆሮው ዋጋ ሲሶ የሚሆነውን የላከው እርሱ መሆኑን፥ ገንዘቡን በእጄ ቆጥሬ ያስረከብሁ እኔ ስለ ሆንሁ አውቃለሁ።

ተዘንግቶ ይሆናል ብዬ ብጠይቅ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፥ «ልጁ በአሜሪካ ቁማር ቤት ካርታ አዳይ ነው አሉ፤ ይህ ነገር በሕዝብ ፊት ከተነሣ ደብሩ ይነቀፋል ብለን ነው» አሉኝ። «እንግዲያስ ገንዘቡን ለምን አልመለሳችሁትም?» ብላቸው ጥቂት ዝም አሉና፥ «ቆርቆሮው ተመትቶ አለቀ እኮ» አሉ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ መልስ ነው። በሽማግሌው ላይ ቂም የለኝም። ደግ ሰው ናቸው፤ የተናገሩትም የራሳቸውን አሳብ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችንን አሳብ ነው። ነገር ግን አሳቡ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ስሕተቱም ሰውን የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ ዝም ብዬ ለማለፍ አልቻልሁም።

ገንዘቡ ርኩስ እንደ ሆነ በመጣበት ቀን መመለስ ነበረበት። ንጹሕ እንደ ሆነ ደግሞ የላኪው ስም ከመበለቲቱ ስም ቀጥሎ ሊነበብ ይገባ ነበር። ገንዘቡን ተቀብሎ ስሙን መደበቅ የሚል ሦስተኛ መንገድ በየትኛው ቀኖና እንደ ተጻፈ የሚያሳየኝ ሊቅ ካለ ለመማር ዝግጁ ነኝ። ይሁዳ ሠላሳውን ብር በመቅደስ ጥሎ በሄደ ጊዜ የካህናት አለቆች እንኳ፥ ዋጋውን የከፈሉት ራሳቸው ሲሆኑ፥ ብሩን ወደ መባ ሣጥን ሳይጨምሩ የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙበት። ክፉዎች ነበሩ፤ በዚህ በአንዱ ነገር ግን ከእኛ ይልቅ ሥርዓት ጠብቀዋል።

ደግሞም ነቃፊዎቹ የሚነቅፉትን ሥራ አያውቁትም። ስለዚህ ልጁ በስልክም፥ አንድ ጊዜ አገሩን ለማየት በመጣ ጊዜም ከነገረኝ፥ እኔም አንብቤ ከተረዳሁት ጥቂቱን ለአንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ልጁ አንኮበር ተወልዶ በልጅነቱ ዳዊት ደገመ፤ ትምህርቱን በደብረ ብርሃን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ሳለ ዲቪ የሚባለው የአሜሪካ ዕጣ ደረሰው። ይህ ዕጣ የአሜሪካ ምክር ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 ባወጣው ሕግ የተመሠረተ ነው፤ ከ1995 ጀምሮም ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን በእርሱ ተሻግረዋል። ዕጣው የወጣለት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ፥ በግም ታረደ። በዕጣ የተገኘ ዕድል ነውና ይቅርብን ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልሁም፤ እንዲያውም ከበጉ ሥጋ በልቻለሁ።

የወረደው ላስ ቬጋስ ከምትባለው ከተማ ነው፤ የሰፈር ልጅ ቀድሞት በዚያ ስለ ነበረ ነው እንጂ መርጦ አይደለም። ከተማዪቱ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት በ1931 በፈረንጅ አቆጣጠር ቁማርን በሕግ ፈቅዶ፥ ከዚያ ወዲህ የከተማዪቱ እንጀራ ከዚሁ የሚጋገር ሆኗል። በዚያ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፥ ምግብ ቤት ከፍተዋል፤ በ2023 በፈረንጅ አቆጣጠርም የአውራጃው አስተዳደር አንዱን ሰፈር ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞላቸዋል። ከእነዚህ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ታክሲ ይነዳሉ፤ ብዙዎቹም በካዚኖ ውስጥ ያጸዳሉ፥ ያበስላሉ፥ ካርታ ያድላሉ። ማደሉን በጥቂት ወራት ትምህርት ቤት ገብቶ መማር ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ገና ላልጠናለት፥ የአገር ቤት የትምህርት ወረቀቱን የሚቀበለው ላጣ ሰው የተከፈተ በር ይህ ነው።

የእኅቴ ልጅ የሚያድለው ፖከር የሚባለውን ነው። በዚህ ጨዋታ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ይወራረዳሉ። ቤቱ አይጫወትም፤ በመካከል ከተከመረው ገንዘብ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየቆረጠ ይወስዳል። አዳዩም፥ እነርሱ ዲለር የሚሉት፥ አይጫወትም። 52ቱን ካርታ ይበውዛል፥ ያድላል፥ ውርርዱን ይቆጥራል፥ የቤቱን ድርሻ ቆርጦ በጠረጴዛው ላይ ባለችው ቀዳዳ ይከታል፥ የቀረውን ለረታው ገፍቶ ይሰጣል። ማንም ቢረታ፥ ማንም ቢረታበት ደመወዙ አንድ ነው፤ ደመወዙም በግዛቱ ካለው ዝቅተኛ ክፍያ እምብዛም አይርቅም፤ ይህም ከ2024 አጋማሽ ወዲህ በሰዓት 12 ዶላር ነበር። የቀረው ኑሮው ከጉርሻ ነው። ጉርሻም የሚመጣው ከረታ ሰው ነው፤ የተበላ ሰው ጉርሻ አይሰጥም፥ የሚሰጠው ስድብ ነው።

በየሠላሳ ደቂቃው ያህል ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዛወራል። በተነሣ ቁጥር እጁን አጨብጭቦ መዳፉንና የእጁን ጀርባ ከጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ያሳያል፤ ምንም አልያዝሁም ማለቱ ነው። በአንድ ሌሊት ዐሥር ጊዜ፥ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሌባ አለመሆኑን ይመሰክራል። ይህን ሲነግረኝ እየሣቀ ነበር፤ እኔ ግን አልሣቅሁም።

ከሁሉ የሚከብደው የእጅ ሥራው እንዳይመስላችሁ። ሆክስቺልድ የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ በ1983 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በአንዳንድ ሥራ ሠራተኛው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የፊቱን ገጽና የልቡን ስሜት ጭምር እንደሚሸጥ ጽፋለች፤ የመረመረቻቸውም በአውሮፕላን ውስጥ የሚያስተናግዱ ሴቶችንና ዕዳ አስከፋዮችን ነበር። ወደ ፖከር ጠረጴዛ ብትሄድ ኖሮ ከሁለቱም የጠና ነገር ባገኘች ነበር። አስተናጋጇ ፈገግ በይ ትባላለች፤ ዕዳ አስከፋዩ ተቆጣ ይባላል፤ ካርታ አዳዩ ግን ምንም አትሁን ይባላል። ሰው ሲረታ ደስ ቢለው አደላ ይሉታል፥ ሰው ሲጠፋ ቢያዝን ዘበተብኝ ይሉታል። በፊቱ ሰው ከነቤቱ ሲፈርስ እያየ ፊቱን እንደ ግድግዳ አድርጎ ካርታውን ይበውዛል። ክፉ ካርታ የደረሰው ሰው ዕድሉን አይሰድብም፥ ዕድል ጆሮ የላትምና፤ የሚሰድበው ያደለውን እጅ ነው። ካርታውን በፊቱ ላይ የወረወረበት አለ፤ የቆዳውን ቀለም አንሥቶ የሰደበው አለ፤ አገርህ ተመለስ ያለው አለ። አለቃ ካልጠራ በቀር መልስ መስጠት አይፈቀድለትም፤ አለቃም ብዙ ገንዘብ ለሚያፈስስ እንግዳ አብዝቶ ይታገሣል።

ጢሱንም ልንገራችሁ። ወደ ፖከር ከመግባቱ አስቀድሞ ሁለት ዓመት በሌላ የካርታ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኔቫዳ በ2006 በፈረንጅ አቆጣጠር በሕዝብ ድምፅ ጢስን በብዙ ስፍራ ስትከለክል የካዚኖን የመጫወቻ ስፍራ ለይታ ተወችው። በ2009 የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞችን ጤና የሚመረምረው ክፍል በላስ ቬጋስ ያሉ ካርታ አዳዮችን መርምሮ፥ የትምባሆው መርዝ ሥራ ጀምረው እስኪወጡ ድረስ በሰውነታቸው ውስጥ እንደሚጨምር አስታውቋል። ልጁ በዕድሜው ሲጋራ ነክቶ አያውቅም። ሳሉ ግን የአጫሽ ሳል ነበር፤ እናቱም በስልክ ትሰማውና የአገሩ ብርድ ነው ትል ነበር፥ በረሓ መሆኑን ሳታውቅ።

አሁን ግን ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ከልቤ ያልወጣውን ነገር ልናገር።

አንድ የአገራችን ሰው አለ፤ ታክሲ ነጂ፥ የሦስት ልጆች አባት። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከእኅቴ ልጅ ጎን የሚቆም ነበር። አንድ ሌሊት ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም በእርሱ ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። መነሣት ቢል ማስነሣት አይችልም፤ አትጫወት ማለትም አይችልም፥ ቢል ከሥራው ይባረራል። በዚያ ጠረጴዛ ሌላም ሥርዓት አለ፤ ካርታ በሚታደልበት ጊዜ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር የተከለከለ ነው፥ ሰው ከሰው ጋር ተመሳጥሮ እንዳያታልል። ነጂው ሁለት ሰዓት ያህል ሲበላ ቆይቶ በመጨረሻ የቀረውን ሁሉ ወደ መካከል ገፋውና፥ በአማርኛ፥ በዝግታ፥ «በእመቤታችን፥ አንድ ጊዜ ብቻ አውጣኝ» አለው። ልጁ የለመኑትን ለመስጠት ኃይል የለውም፤ ካርታው አስቀድሞ ተበውዟል። ለማጽናናት ደግሞ ቋንቋው ተከልክሏል። የተናገረው በእንግሊዝኛ ሲሆን እርሱም፥ «እባክዎ በእንግሊዝኛ ብቻ ይናገሩ» የሚል ነበር። ከዚያም የመጨረሻዋን ካርታ ገለበጠ። ክምሩንም በሌላው ወገን ለተቀመጠው ለአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ገፍቶ ሰጠው።

«ጋሼ፥» አለኝ፥ «የገፋሁት ክምር አልመሰለኝም። የልጆቹን የቤት ኪራይ በእጄ አንሥቼ ለሰው የሰጠሁ መሰለኝ።» ፈረንጁ አምስት ዶላር ጉርሻ ወረወረለት። ያንን አምስት ዶላር ምን እንዳደረገው አልነገረኝም፥ እኔም አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው እሑድ ነጂው በቤተ ክርስቲያን በሌላው ማዕዘን ሄዶ ቆመ፤ ከሰንበት ጥቂት ቆይቶም በማኅበር ላይ፥ «ያስበላኝ እርሱ ነው» ብሎ ተናገረ። የሰሙትም አመኑት። የነጂው ሚስት ግን ስልክ ደውላ አላማችውም፤ «ወንድሜ፥ አንተ ጋ ሲመጣ ንገረኝ» ብላ ለመነችው። ይህንንም የቤቱ ሥርዓት ይከለክለዋል።

በልቶ የተነሣው ማን ነው? ፈረንጁ ጥቂት በላ። ቤቱ በየዙሩ ሳይጫወት በላ፥ ነገም ይበላል። ያልበላው አንድ ሰው በመካከል ተቀምጦ ሲያድል ያደረው ነው፤ በላ ተብሎ የተወራው ግን በእርሱ ነው።

ለእናቱ የነገራት በሆቴል እሠራለሁ ብሎ ነው። ይህም ሐሰት አይደለም፥ ካዚኖዎቹ በሆቴል ውስጥ ናቸውና። እኅቴ ለጎረቤት በኩራት «ልጄ ሆቴል ነው የሚሠራው» ስትል ዐሥር ዓመት ኖረች። ወሬውን ያመጣው ከዚያው ከተማ ለዕረፍት የመጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ከአንድ የተከበረ ቤት የታጨችለት ልጅ ቀረች፤ ሽማግሌ ልከው፥ «ቁማርተኛ አንድርም» አሉ። ልብ በሉ፤ ልጁ በሕይወቱ አንድ ሳንቲም ተወራርዶ አያውቅም። ቁማር በእርሱ ፊት ሌሊት ሌሊት የሚሠራውን እያየ ማን ይመኘዋል? የጠጅ ቤት አሳላፊ ሁሉ ሰካራም ነው ወይ?

የነፍስ አባቱ ሥራውን ተው ብለውታል። ይህን እንደ ነቀፋ አልጽፈውም፤ አባት ከዚህ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? ራሱም ሊተወው ይፈልጋል። ሥራው ንጹሕ ነው ብዬ የምከራከር የመሰለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። ያ ጠረጴዛ ባይኖር ለዓለም መልካም ነበር። እኔ የምከራከረው፥ ኃጢአቱ ሲከፋፈል ትልቁ ድርሻ ከሁሉ ለሚያንሰው ሰው ለምን ደረሰ ብዬ ነው።

አንዳንድ ሊቃውንት የሐዋርያት ቀኖና ይጠቅሱብኛል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ኤጲስ ቆጶስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን በዕጣ ጨዋታና በስካር ቢጠመድ ወይ ይተው ወይ ይሻር ይላል አሳቡ። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ተጫዋቹ ነው። በመስቀሉ ሥር በጌታ ልብስ ዕጣ የተጣጣሉትን ጭፍሮች የሚያነሡም አሉ፤ እነዚያም ተጫዋቾች ናቸው፥ ልብሱንም የወሰደው ከእነርሱ አንዱ ነው። በወንጌል ከካርታ አዳዩ ጋር የሚመሳሰል ሰው ብፈልግ የማገኘው ሌላ ነው፤ በቀረጥ መቀበያው ተቀምጦ ለሌላ ጌታ ገንዘብ የሚቆጥረው፥ ሕዝቡ ሁሉ የሚጠላው ማቴዎስ። እርሱም ከዚያ የተነሣው አላፊ አግዳሚው ስለ ሰደበው አይደለም፤ የጠራው ስለ ተገኘ፥ በቤቱም ገብቶ ከእርሱ ጋር ስለ በላ ነው።

ለአንኮበር ሰው ደግሞ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡበት ዘመን፥ ከ1813 እስከ 1847 በፈረንጅ አቆጣጠር፥ ከቆላው በኩል የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን በአልዩ አምባ አራግፎ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ጨው የጫነ፥ ቡና የጫነ ነጋዴ በዚያ ሲቆም ማንን ይረግም እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም፤ በፊቱ ቆሞ የሚቆጥርበትን ነው። ቀረጡ ግን ከቆጣሪው ጋር አያድርም፥ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል። የቆጣሪውን እጅ መርገም ቀላል ነው፤ ዳገቱን ቀና ብሎ ማየት አንገት ያማል።

ለምን አይተወውም ለሚሉኝ ይህን እመልሳለሁ። በ2020 በፈረንጅ አቆጣጠር በመጋቢት ወር ኮሮና በገባ ጊዜ የኔቫዳ ካዚኖዎች ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ተዘግተው 78 ቀን ቆይተው በሰኔ ተከፈቱ። በእነዚያ ቀኖች ልጁ ጉርሻም ደመወዝም አልነበረውም። ካዚኖው ተዘጋ፤ እኛ ግን አልተዘጋንም። በዚያው ወራት የአክስት ልጅ ትምህርት፥ የጎረቤት ሕክምና፥ የአንድ ተዝካር ወጪ ተጠይቋል፤ ሁለቱን ያስተላለፍሁለት እኔ ነኝ። በተበደረው ገንዘብ ልኮ እንደ ነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሥራህን ተው የሚሉት ሰዎች ከእርሱ የሚመጣውን ብር አስቀድመው ቢተዉ ኖሮ ልጁ ጥሎት በወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። የጭነት መኪና መንጃ ትምህርት ለመጀመር ሦስት ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሟል፤ ሦስት ጊዜም ወደ እኛ መጥቷል። ሦስተኛው ያ ቆርቆሮ ነው።

አዳዮቹ ራሳቸውም ዝም ብለው የሚገፉ በጎች አይደሉም። በ2006 በፈረንጅ አቆጣጠር ዊን የሚባለው ትልቅ ካዚኖ ከካርታ አዳዮች ጉርሻ ላይ ለአለቆች ድርሻ መክፈል በጀመረ ጊዜ፥ አዳዮቹ በሚቀጥለው ዓመት ድምፅ ሰጥተው የሠራተኛ ማኅበር አቁመዋል። እነዚያ ጉርሻቸውን በአንድነት የሚከፋፈሉ ናቸው፤ በፖከር ግን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል፥ ስለዚህም ብቻውን ነው። ብቸኝነቱን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ቀን ይተኛል፥ ሌሊት ይሠራል። ቅዳሜና እሑድ የሥራው ዋና ቀን ስለ ሆነ ቅዳሴ የሚደርሰው እንቅልፉን አጥቶ ነው። ለገና ፈቃድ አያገኝም፤ ፈረንጆች ዘመን በሚለውጡበት ሌሊት ከሁሉ ይልቅ ይሠራል። ጾሙን ግን አልፈታም፤ ከሥራ ጓደኞቹ መካከል ሌሎች ኢትዮጵያውያን ስላሉ በዕረፍታቸው ሽሮ ያሞቃሉ። በዚያ የዕረፍት ክፍል ውስጥ ካርታ የሚባል ነገር ስሙ አይነሣም አለኝ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በቅርብ ዓመታት በአገራችን ከተሞች፥ በደብረ ብርሃንም ጭምር፥ የእግር ኳስ ውርርድ የሚያጫውቱ ቤቶች ተከፍተው፥ ወጣቱ ስሙን በማያውቀው የፈረንጅ ከተማ ቡድን ላይ የምሳውን ብር ሲያስይዝ አይተናል፤ አሁንም በስልኩ የሚያስይዝ አለ። ፈቃድ የሰጠውም በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የራሳችን ብሔራዊ ሎተሪ ነው። በእነዚያ ቤቶች መስኮት ኋላ ተቀምጣ ትኬት የምትቆርጥ ልጅ ነበረች፤ የአንዱን ቤት ልጅ አውቃታለሁ። ጠዋት የሳቀላት ወጣት ማታ ሲበላ መስኮቱን በቡጢ ይመታባት ነበር፤ በመንገድ ስታልፍም «አስበይዋ» ይሏታል። ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለምሳ እንኳ አይበቃም። እርስዋ የእኛ ካርታ አዳይ ናት፤ ላስ ቬጋስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ቤቱን ለውርርድ ያከራየው ሰው ግን አስበይ አልተባለም። እንዲያውም ያን ቀን ስሙ ከተነበበት ዝርዝር ውስጥ በመጀመሪያው ረድፍ ነበረ፤ የኪራዩ ገንዘብ ከምን እንደ መጣ የጠየቀ የለም። ልጠይቅ ማለቴም አይደለም፤ ነገር ግን አንዱን ከጠየቅን ሁሉን እንጠይቅ።

ጨዋታን የምጠላ ሰው እንዳልሆንሁ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ገበጣ የአያቶቻችን ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግልም ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በገና ጨዋታ ጥርሱ የወለቀ ሰው እንኳ ጥርሱን እንጂ ቤቱን አላጣም።

ሽማግሌውን ከሁለት ሳምንት በፊት በደብረ ብርሃን ገበያ አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። «ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ?» አሉኝ። ለሚመጣው በዓለ ንግሥ አጥር ለማሠራት ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው፤ ልጁም ይህን ሰምቶ ስንት ልላክ ብሎ ጠይቆኛል፥ ቆይ ብዬዋለሁ። እኔም የፈለግሁት ሁለት ነገር መሆኑን ገለጽሁላቸው። ወይ የቆርቆሮው ገንዘብ ተሰልቶ ይመለስለትና የመኪናውን ትምህርት ይማርበት፥ ለዚህም እኔ ከጡረታዬ የምችለውን እጨምራለሁ፤ ወይ ስሙ ከነአባቱ ስም፥ ከነክርስትና ስሙ፥ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ይነበብ። ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን ለአጥሩ አንዲት ሳንቲም በእኔ እጅ አታልፍም አልሁ።

ስሙን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ካነበቡት በኋላ ወረቀቱን በአራት አጥፈው በካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።